በውይይት ላይ የተሠራ ቤት

ከዴንቨር ከተማ ተነሥተን በምዕራብ ወዳለው የሮኪ ተራራ የወጣነው ሦስት ነበርን፤ አንደኛው በአዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጋራዥ ሥራ ኖረው በስተርጅና ወደ አሜሪካ የተሻገሩ አዛውንት፥ ሁለተኛዋ በሐኪም ቤት በነርስነት የምታገለግል የእኅታቸው ልጅ፥ ሦስተኛው ደግሞ ከሾፌሩ ወንበር በላይ በተሠራችው ጠባብ ቆጥ ላይ ተጋድሜ የሁለቱን ንግግር ስሰማ ያመሸሁት እኔ ነኝ። ያደርንባት ቤት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. የተሠራች፥ በቶዮታ ፒክአፕ ሻሲ ላይ የቆመች፥ ርዝመቷ ከስድስት ሜትር ብዙም የማያልፍ ሞተርሆም ናት፤ ምድጃው፥ ማቀዝቀዣው፥ መታጠቢያውና አልጋው ሁሉ በአንዲት ክፍል ተጨናንቀው የሚኖሩባት ስለ ሆነች፥ አንዱ ዕቃ ሌላውን ይቅርታ ሳይጠይቅ ከቦታው አይነሣም። ወሩ መስከረም፥ ሰሞኑም የመስቀል ሰሞን ነበር፤ አስፐን የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሸለቆውን ሞልቶታል፤ በስተ ሰሜን በኩል ግን ደመና መክበድ ጀምሯል። ልጅቱ ለቡና ውሃ ጥዳ፥ አጎትዋ በበሩ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

የእኅት ልጅ፦ ጋሼ፥ እስኪ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይህችን መኪና ገዝቼ በደጅ ባቆምኋት ቀን ዞር ዞር ብለው ከተመለከቷት በኋላ ለምን ሳቁ? በእርጅናዋና በገንዘቤ የቀለዱ መስሎኝ ብዙ ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር።

አጎት፦ በአንቺ አልሳቅሁም ልጄ፥ በቃሉ ነው። ባገራችን «የቤት መኪና» ስንል ለታክሲም ለጭነትም ያልዋለች፥ ባለቤቷ ከቤተ ሰቡ ጋር የሚንሸራሸርባት የግል መኪና ማለታችን ነበር፤ እዚህ ግን ቤቱ ራሱ ከነጣራው ከነምድጃው በመኪና ላይ ወጥቶ ባየሁ ጊዜ፥ ያ አሮጌ ቃል ከብዙ ዘመን በኋላ ፍቺውን ያገኘ መሰለኝ። ከዚያ ጐንበስ ብዬ ከሥር ብመለከት፥ ያ ሻሲ፥ ያ ባሌስትራ፥ ያ ዲፈረንሻል! የወጣትነቴ ወዳጆች ቤት ተሸክመው ቆመዋል። «ውይይት» የምንላቸውን ታክሲዎች ታስታውሻለሽ ወይስ ልጅ ነበርሽ?

የእኅት ልጅ፦ አስታውሳለሁ እንጂ፤ ሰማያዊና ነጭ፥ ከኋላ በግራና በቀኝ አግዳሚ ያላቸው፥ ጉልበቴ ከማላውቀው ሰው ጉልበት ጋር እየተጋጨ ትምህርት ቤት የደረስሁባቸው አይደሉም እንዴ!

አጎት፦ ስማቸውም የመጣው ከዚያው ነው፤ ሰው ፊት ለፊት ሲቀመጥ ሳይወያይ አይቀርምና። በእኔ እጅ ካለፉት ብዙዎቹ የቶዮታ ፒክአፕ ነበሩ፤ በጭነቱ ሣጥን ላይ ጣራና አግዳሚ ተሠርቶላቸው ሰው ይጫንባቸዋል፤ ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ስምንት ሰው የሚበቃውን ስፍራ ለዐሥራ ሁለት ያዳርሰዋል። እንግዲህ ባዶውን ሻሲ ከቶዮታ እየተቀበሉ ቤት ያቆሙበት የአሜሪካ አናጢዎችና በውይይት ላይ ጣራ ያበጀው ያገራችን ብረት ሠራተኛ፥ ከውቅያኖስ ወዲህና ወዲያ ሆነው ሳይተዋወቁ አንድ ሐሳብ አሰቡ ማለት ነው፤ አንድ ስሕተትም ተሳሳቱ።

የእኅት ልጅ፦ ስሕተቱ ያ ሁለት ወር ሙሉ ያስቆመኝ ነገር ነው?

አጎት፦ ያው ነው። ይህ ፒክአፕ ሲፈጠር ጀርባው የታሰበው ለግማሽ ቶን ያህል ጭነት ነው፤ አንድ ገበሬ ጥቂት ጆንያ ጭኖ ገበያ ይደርስ ዘንድ፥ አራግፎም ባዶውን ይመለስ ዘንድ። ቤት ግን አይራገፍም፤ ቀንም ሌሊትም፥ ቆሞም ሄዶም ሸክሙ ከላዩ አይወርድም። በዚያ በፊተኛው ዓይነት የኋላ ዘንግ ላይ ደግሞ ጎማውን የማዞርና ክብደቱን የመሸከም ሁለቱም ግብር በአንድ ብረት ላይ የወደቀ ስለ ሆነ፥ በጫፉ ያለችው አንዲት ኩሽኔታ ናት ሁሉን የምትችለው። ከቤት ሠሪዎቹ አንዳንዶቹ ክብደቱ መብዛቱን ባዩ ጊዜ፥ ዘንጉን በመለወጥ ፈንታ ከውጭ በኩል ሌላ ጎማ ደረቡበት፤ ይህም ለዐይን የጽናት መልክ ሰጠው እንጂ ለብረቱ ዕረፍት አልሰጠውም፥ ይልቁንም አከፋበት። ባልዲ ውሃ ከደረትሽ አስጠግተሽ ስትይዢውና ክንድሽን ዘርግተሽ ስትይዢው ውሃው ያው ሲሆን ድካሙ ግን ያው እንዳይደለ፥ ጎማውም ከኩሽኔታው እየራቀ በሄደ መጠን ዘንጉን የሚያጎብጠው ኀይል ይበረታል።

የእኅት ልጅ፦ ሻጩ እኮ «ከኋላዋ አራት ጎማ አላትና ምንም አትሥጊ» ብሎኝ ነበር፤ እኔም የበሽተኛው ጉንጭ ቀላ ሲል ድኗል ብሎ እንደሚደሰት ዘመድ አመንሁት። ብሎኑን ቍጠሪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

አጎት፦ የኋላው ጎማ አምስት ብሎን ከሆነ ፊተኛው ነው፤ ስድስት ከሆነ ኋላ የመጣው የአንድ ቶኑ ነው። በኋለኛው ሥራው ተከፍሏል፤ ክብደቱን የሚሸከመው በውጭ ያለው የዘንጉ ቤት ሲሆን ጎማውም በሁለት ኩሽኔታ በዚያው ላይ ይቀመጣል፤ በውስጥ ያለው ዘንግ ከማዞር በቀር ሌላ ዕዳ የለበትም፤ ቢሰበር እንኳ መኪናዋ ትቆማለች እንጂ ጎማዋ ጥሏት አይሄድም። ከተጋጨች ታናሽ እኅቷ ላይ ያንን ዘንግ ከነፍሬኑ ነቅለን እስክናመጣ ድረስ ቍልፉን በኪሴ የያዝሁት ስለዚህ ነው እንጂ፥ አንቺ ለናትሽ እንደ ነገርሻት በሽማግሌ ግትርነት አልነበረም።

የእኅት ልጅ፦ ግትርነትም ነበረበት። ነገር ግን እንዲህ ያስፈራዎትን ነገር ከመጽሐፍ የተማሩት አይመስለኝም።

(አዛውንቱ ወዲያው አልመለሱም፤ በእጃቸው የነበረውን ካቻቪቴ ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጠው በደረጃው ጥግ አስቀመጡት።)

አጎት፦ ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ የውይይት ባለቤት «ሰው ሲበዛ መኪናዬ ከኋላ ትቀመጣለች» ብሎ በመጣ ጊዜ በየጎኑ አንዳንድ ባሌስትራ ጨመርሁለት። ባሌስትራ መጨመር የመኪናን ቁመት ያነሣል እንጂ ዐቅሟን አያነሣም፤ ይህን አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ሰውዬው ብሩን ቈጥሮ በእጁ ይዟል፥ በቤቴም የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይጠብቃል። ወር ሳይሞላ በአንድ ቍልቍለት ላይ ጎማው ከነዘንጉ ተነቅሎ ከመኪናዋ ቀድሞ ወረደ። ሰው አልሞተም፤ አንዲት ሴት ግን እጇ ተሰበረ። ይህችው ሴት ጋራዡ ድረስ መጥታ በጨርቅ የታሰረ እጇን አሳየችኝ፤ አልተሳደበችም፥ አልከሰሰችም፥ አሳይታኝ ብቻ ሄደች። ከዚያ ወዲህ መኪና ሲመጣልኝ ምን ያህል ትፈጥናለች ብዬ አልጠየቅሁም፤ የምጠይቀው ምን ትጭናለች ብዬ ነው።

የእኅት ልጅ፦ ለካ ለዚህ ነው የጭነት መኪና መመዘኛ ላይ ያስወጡኝ! እኔማ ከእነዚያ ግዙፍ ካሚዮኖች መካከል ይህችን ጎጆ ይዤ ተሰልፌ፥ መዛኙ ሰውዬ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ፈገግ ሲል ኀፍረት ይዞኝ ነበር። ወረቀቱን ባነበብሁ ጊዜ ግን ኀፍረቴ ወደ ድንጋጤ ተለወጠ።

አጎት፦ ምን ምን እንዳወጣሽ ለዚህ ለቆጡ እንግዳችን ንገሪው እንጂ።

የእኅት ልጅ፦ ቴሌቪዥኑን፥ ቴሌቪዥኑን የተሸከመውን ቁም ሣጥን፥ የሸክላ ሳሕኖቹን፥ የክረምት ልብስ የሞላ ሻንጣ፥ ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች በጣራው ላይ ያሰሩትን የብረት ዕቃ መጫኛ። ጋሼ ከሁሉ ይልቅ የተጣሉኝ ግን በውሃው ነው፤ «አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ታንኩን ሞልተሽ ተራራ የምትወጪው በተራራው ላይ ምንጭ ጠፍቶ ነው ወይ?» እያሉ።

አጎት፦ እኔ ልጅ ሆኜ በቤተ ክህነት ትምህርት ስውል ኦሪት ዘኍልቍን ስናነብ፥ ያ ሁሉ ቍጥር ምን ያደርግልናል እያልሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ጋራዥ ከገባሁ በኋላ ግን ለሹፌሮች ሁሉ የሚያስፈልግ መጽሐፍ እርሱ መሆኑን ተረዳሁ። ደብተራ ኦሪት ከሰፈር ወደ ሰፈር ስትጓዝ አለቆች ስድስት ሰረገላና ዐሥራ ሁለት በሬ አመጡ፤ ሙሴም እኩል አላካፈላቸውም። መጋረጃውን ለሚሸከሙ ለጌድሶን ልጆች ሁለት ሰረገላና አራት በሬ፥ ሳንቃውንና ምሰሶውን ለሚሸከሙ ለሜራሪ ልጆች አራት ሰረገላና ስምንት በሬ ሰጠ፤ ንዋየ ቅድሳቱን በትከሻቸው ለሚሸከሙ ለቀዓት ልጆች ግን ምንም አልሰጠም። በዚያ ምድረ በዳ የሸክሙን ልክ ሳያውቁ ሰረገላ አላደሉም፤ እነዚያ አናጢዎች ይህን አንብበው ቢሆን ኖሮ አምስቱን ብሎን ባልታመኑት ነበር።

(እኔም ከቆጡ ላይ ሆኜ፥ ደብተራ በግዕዝ ድንኳን ማለት መሆኑን፥ ዐፄ ፋሲልም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1636 ዓ.ም. ጎንደርን እስከ ቈረቈሩ ድረስ ከነበሩት ነገሥታት ብዙዎቹ አብዛኛውን ዘመናቸውን በድንኳን ከተማ ሲጓዙ መኖራቸውን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነገር ግን ቤቱ ጠባብ ስለ ሆነ ለሦስት ሰው ንግግር የሚበቃ አየር ያለበት አልመሰለኝም፥ ዝም አልሁ።)

የእኅት ልጅ፦ እርስዎ ስለ ታቹ ሲናገሩ የእኔ ቆጥ ተረሳ።

አጎት፦ እንዴት ይረሳል! ከታች ያለውን እኔ አውቃለሁ፤ ከላይ ያለው ግን የአንቺ ጥበብ ነው፥ እጄን አላስገባሁበትም። ያንን ግድግዳ በከፈትሽው ቀን እንጨቱ እንደ ራሰ ዳቦ በእጅሽ ላይ ሲፈረካከስ አይቼ፥ «ይህችስ አብቅቶላታል» ብዬ ወደ ቤት ገብቼ ነበር።

የእኅት ልጅ፦ እኔ ደግሞ ልቤ የተረጋጋው ያን ቀን ነው፤ ደዌው ታውቋልና። በዚህ ዓይነት ቤት ውሃ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በሜዳው ጣራ አይደለም፤ በመጋጠሚያው፥ በመስኮቱ ጠርዝ፥ ይልቁንም በዚህች ከፊት በተንጠለጠለችው ቆጥ አፍንጫ በኩል ነው፤ መኪናዋ ስትሮጥ ዝናቡ ፊት ለፊት ይመታታልና። ከውጭ ያለው ላሜራ ደኅና ሆኖ ሲታይ፥ በውስጥ ያለው እንጨት ለዓመታት በጸጥታ ሲበሰብስ ይኖራል። ሰንሬደር የሚባሉት ገላቸው በፋይበርግላስ የተሠራ ስለ ሆነ ከዚህ ደዌ ብዙውን ይድናሉ፥ ሰውም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋቸው ውድ ነው፤ የእኔ ዐቅም ግን ለእንጨቷ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ባየው ስንጥቅ ሁሉ ላይ ሲሊኮን ቀብቶ አልፏል፤ ሲሊኮን ደግሞ አንድ ጊዜ ከተቀባ በላዩ ሌላ ነገር ይዞ አይቀርም፤ እርሱን በቢላዋ ፍቆ ማንሣቱ ብቻ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ የበሰበሰውን ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ድረስ እየቈረጥሁ አወጣሁ፤ የሞተ ሥጋ ካልተነሣ ቍስል እንደማይሽር በሥራዬ ዕለት ዕለት ስለማይ በዚህ አልራራሁም። አዲስ ኮምፔንሳቶ አስገባሁ፥ የመስኮቱን ፍሬም አውጥቼ ቡታይል በሚባለው የማይደርቅ የጎማ ጥብጣብ ላይ መልሼ አስቀመጥሁት፥ ብሎኑንም አጠበቅሁ።

አጎት፦ ስታጠብቂም ጥብጣቡ በጠርዙ እንደ ሊጥ ሲወጣ አይቼ፥ ልጅቱ ምን ነካት፥ ትርፉን ሁሉ ታፈሰዋለች ብዬ ነበር።

የእኅት ልጅ፦ በዙሪያው ሁሉ ካልወጣ ያልሞላ ስፍራ አለ ማለት ነው። በማግስቱ ፀሓይ ሲያሞቀው ደግሞ ጥቂት ጥቂት አጠበቅሁት፤ የወጣውን ብቻ በመጨረሻ ቈረጥሁ።

አጎት፦ ሌላው ሁሉ ገብቶኛል፤ ማቀዝቀዣው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሞተር የለው፥ ድምፅ የለው፤ ከሥሩ ሰማያዊ እሳት ታነጃለሽ፥ በላዩ በረዶ ይሠራል። እሳት ሲያቀዘቅዝ የሰማሁት በሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ ብቻ ነው፤ በዚያም ቢሆን መልአክ ወርዶ ነው።

የእኅት ልጅ፦ በዚህኛው መልአክ የለበትም ጋሼ፥ አሞኒያ ነው። ፎን ፕላተንና ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች በ1922 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥበብ ነው። እሳቱ አሞኒያውን ከተዋሐደው ውሃ ለይቶ እንፋሎት አድርጎ ወደ ላይ ይሰደዋል፤ እንፋሎቱ ከኋላ ባለው ቧንቧ በርዶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሹም ወደ ሣጥኑ ወርዶ ከሃይድሮጅን ጋር ሲገናኝ መልሶ ይተናል፥ ሲተንም ሙቀቱን ከምግባችን ላይ ወስዶ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ያው የተለየው ውሃ ይጠጣዋል፥ ዙሩም እንደ ገና ይጀምራል። የሚገፋው ሞተር ስለሌለ ፈሳሹ የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ነው፤ ስለዚህ መኪናዋ አዘንብላ ከቆመች መንገዱ ይዘጋል፥ ብዙ ሲቆይም ማቀዝቀዣው ፈጽሞ ይበላሻል። ስንደርስ ውሃ ያለበት ሳሕን በወለሉ ላይ አስቀምጬ ከጎማው ሥር ጣውላ የማደርገው፥ እርስዎም «ጠንቋይ ሆንሽ ወይ» ያሉኝ፥ ለዚህ ነው።

አጎት፦ ያ ሳሕን እንደዚያ ከሆነ ይቅር ብዬዋለሁ። የጋዙን መስመርስ?

የእኅት ልጅ፦ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ቀብቼ አረፋ አለመውጣቱን አይቻለሁ። ፕሮፔን ከአየር ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ ቢያፈስ በወለሉ ላይ ይተኛልና፥ ጠቋሚውን መሣሪያም እግሬ አጠገብ ዝቅ አድርጌ ሰቅየዋለሁ።

(ቡናው ፈላ። በዚህ ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ የሚፈላ፥ ነገር ግን ሙቀቱ የሚያንስ በመሆኑ ቡናው ልል እንዳይሆን ልጅቱ አብዝታ ጨምራበት ነበር። ካነሣሁት አይቀር፥ ስኒ የተባለውን ዕቃ ከመዘኑት በኋላም ያላወጡት ለምን እንደ ሆነ ጠይቄ፥ ሁለቱም በአንድነት በግልምጫ አይተውኛል።)

የእኅት ልጅ፦ እንግዲህ እኔም ልጠይቅዎ። ዕረፍት ፈልጌ ገዛኋት፤ ያንን ሁሉ ቅዳሜ ግን የበላችው እርስዋ ናት። ባልደረቦቼ ባሕር ዳር ተኝተው ፎቶግራፍ ሲልኩልኝ እኔ በጣራ ላይ ሆኜ ሲሊኮን እፍቅ ነበር። ይህ ተድላ ይባላል?

አጎት፦ ዛሬ ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስንወጣ ምን ነበር ያልሽው?

የእኅት ልጅ፦ ምን አልሁ? ከኋላችን የተሰለፈውን መኪና አይቼ «ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ» ነው ያልሁት። በሁለተኛ ማርሽ፥ በቀኝ ጥግ፥ የአደጋ መብራት እያበራሁ!

አጎት፦ ከዚያ በኋላ ያልሽውን ነው የምጠይቅሽ። ያ ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,400 ሜትር ነው፤ ከእንጦጦ ራስ ይበልጣል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ ይህች ደግሞ አዲስ ሳለች እንኳ ከመቶ ፈረስ ብዙም አታልፍም ነበር። ካርቡራተሯም ለቆላ እንደ ተስተካከለ ቢቀር ኖሮ ቤንዚኑ በዝቶባት ጥቍር ጢስ እያስመለሰች በቆመች፤ ለዚህ ነው አዲስ አበባ እንደምናደርገው ነዳጁን ያሳሳሁላት። ልጅ ሳለሁ አባቴ በካሚዮን ሲጓዝ ጣርማ በርን እንዴት እንደሚወጡ ይነግረኝ ነበር፤ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከጎማው ጋር በእግሩ ይሄዳል፥ ተሳፋሪውም ወርዶ ሣር ይቈርጣል፥ ያወራል። አንቺም ዛሬ በመስኮቱ አሻግረሽ «ይህን መንገድ ስድስት ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ ያንን ወንዝ ግን አይቼው አላውቅም» አልሽ። እኔ ያንን ነው የሰማሁት።

የእኅት ልጅ፦ ወንዙን ያየሁት ግን ሞተሩን ለማዳመጥ ራዲዮውን ስላጠፉብኝ ነው።

አጎት፦ በጧት ስትነሣ ከፊት በኩል የምትንቋቋ ነገር አለቻት፤ የካቴናው መሪ ላስቲክ ዕድሜው ደርሷል። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ብቻ ነው የምትጮኸው፥ ዘይቱ ሲደርስላት ዝም ትላለች። ካልለወጥነው ግን ካቴናው ሽፋኑን በጥቂት በጥቂቱ እየፋቀ ውሃው ወዳለበት ይደርሳል፥ ውሃና ዘይትም ይቀላቀላሉ። ለዚህ ክረምት ያቆየሁልሽ ሥራ እርሱ ነው፤ በዚህ ጊዜ የብረት ጀርባ ያለውን መሪ እናስገባለን።

የእኅት ልጅ፦ አሁንም ሌላ ቅዳሜ!

አጎት፦ ሁለት ይበቃል። አንቺ ዕረፍትና ሥራ በሁለት ሣጥን የተቀመጡ ይመስልሻል። ሰው የሠራልኝ ቤት ውስጥ ስተኛ እንጨቱ ሲንቋቋ ምን ሆነ እላለሁ፤ የዚህችን ድምፅ ግን አንድ በአንድ አውቀዋለሁና እተኛለሁ።

የእኅት ልጅ፦ እርስዎ? ትናንት ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥተው በባትሪ ጎማ ሲያዩ አልነበረም እንዴ? እንዲያውም የምታንኰራፋው መኪናዋ መስላኝ ነበር፤ ሲወጡ ነው ድምፁ የቆመው።

(አዛውንቱ በዚህ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። መልስ ሳይሰጡ ግን የመጀመሪያው ጠብታ በላሜራው ላይ ወደቀ፤ ሁለተኛውም ተከተለ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በተራራ ላይ እንደሚሆነው ዝናቡ ያለ ማስጠንቀቂያ ወረደ። በሩ ተዘጋ። ልጅቱ ቡናዋን ትታ ቆመች፥ ወደ ቆጡም ሽቅብ ተመለከተች፤ በዚያ ቀን ስለ ወንዝ ስትናገር የነበረው ፊቷ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ፊት ሆነ።)

አጎት፦ አንተ እንግዳ፥ እጅህን ወደ አፍንጫው አስገብተህ ጥጉን ዳስሰው።

(ዳሰስሁት። ቀዝቃዛ ነበር፤ ነገር ግን ደረቅ ነበር። በመስኮቱም ጠርዝ ዞርሁ፥ ደረቅ ነበር። ይህንኑ ነገርኋቸው።)

የእኅት ልጅ፦ እርግጠኛ ነህ? ከግራው ጥግ፥ ከብሎኗ ሥር?

(ከብሎኗም ሥር ደረቅ ነበር። ልጅቱ ቁጭ ብላ የቀዘቀዘውን ቡና በአንድ ጊዜ ጠጣችው፤ አጎትዋም ከወለሉ ላይ ያንን የማዘንበል መለኪያ የሆነውን ሳሕን አንሥተው ውሃውን በገንዳው ደፉና ባዶውን ወደ እኔ ዘረጉልኝ።)

የእኅት ልጅ፦ ምነው ጋሼ፥ ደረቅ ነው እያለ!

አጎት፦ ሰምቻለሁ። ሳሕኑን ግን ይያዘው፤ ገና መጀመሩ ነው።

(መብራቱ ጠፋ። እኔም በዚያች ከጣራዋ ሁለት ስንዝር በማትርቅ ቆጥ ላይ ባዶ ሳሕን በደረቴ ታቅፌ፥ ከሥሬ የአዛውንቱ ማንኰራፋት እስኪጀምር ድረስ ዝናቡን ሳዳምጥ ቆየሁ።)